የጎባጣዋ ሴት ብሎን

የሰው ልጅ ከአደንና ከለቀማ ተነሥቶ ከተማ እስኪሠራ ድረስ ያለፈበትን ረጅም ታሪክ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አጣሞ ያቆመ ሰው በሕይወት አለ፤ ደመወዙም አልተቋረጠም። ታሪኩን በመጋዝና በመፍቻ ያጣመመው እጅ ግን የሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው በአማቱ ቤት ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን ሰው ኑሮ ይተርካል፤ የመጀመሪያውን ይከስሳል። ሁለቱን ሥራዎች ነጣጥሎ መሥራት በተገባ ነበር። ይሁን እንጂ ተከሳሹ ያለ ተባባሪው አይታወቅም፤ ተባባሪውም ያለ አማቱ አይገባም።

ተባባሪውን ሰፈሩ «ጀሶ» ይለዋል። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው፤ ሥራው ከልብሱ፣ ከጫማውና ከቅንድቡ ላይ ለቅቆት ስለማያውቅ ማንም ሌላ ስም ሊያወጣለት አልተቸገረም። ጎልማሳ ሆኖ ሳለ ከሩቅ ሲያዩት ሽበታም ሽማግሌ ይመስላል፤ ዝናብ ሲመታው ወጣት ሆኖ ይገባል። ዕድሜውን ያሳለፈው በልብስ መደብሮች መስታወት ጀርባ የሚቆሙትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች በመሥራት ነው። አካል ያወጣ የነበረው ከወርክሾፑ የተዘጋጀ ቅርጽ ነው፦ ረጅም፣ ሆዱ የገባ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ከገዢው ራስ በላይ የሚያይ አካል። ፊት ግን ከወርክሾፑ አይወጣም ነበር። ጀሶ ፊት መፍጠር አይችልም፤ ሞክሮ ያውቃል፤ የሞከረው ሁሉ ድንች ይመስላል። ስለዚህ ሕያው ሰው አጋድሞ፣ ፊቱን ቫዝሊን ቀብቶ፣ አፍንጫው ውስጥ የለስላሳ መምጠጫ ሰክቶ፣ በጀሶ ሸፍኖ ይቀዳል። በከተማው መደብሮች ሁሉ የሠርግ ልብስ ለብሳ የምትታየው ሙሽራ የሚስቱ ፊት ናት። በሙሉ ልብስ የሚታየው ሙሽራ ደግሞ ራሱ ጀሶ ነው። በእውነተኛው ሠርጋቸው ቀን ሙሉ ልብስ ተውሶ ስለነበር ከአሻንጉሊቱ ይልቅ እሱ ነው አሻንጉሊት የመሰለው።

ከዚያ ባዶና ቀላል፣ ጭንቅላት እንኳ የሌላቸው የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች በመኪና ተጭነው ገቡ። ወርክሾፑ ተዘጋ። ባለቤቱም የተረፉትን አካላት፣ ከመፍቻዎቹና ከአሮጌዎቹ ብሎኖች ጋር፣ «ውሰዳቸው፤ እኔ ቤት ሚስቴ ትፈራቸዋለች» ብሎ ሰጠው።

ጀሶ ይዟቸው ወደ አማቱ ቤት ገባ፤ ሚስቱንም ይዞ። መግባት እንጂ መውጣት አልሆነለትም።

አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ደንብ ልብስ የሰፉ ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ከማንኛውም ጌጥ በላይ የሚያስፈራ ነው። በስፌት መኪና ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ሲቆሙ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲታመሙ እንኳ ቀጥ ብለው ይታመማሉ። ጎብጦ የሚሰፋ ሰው ካዩ ጣታቸውን መሐል ጀርባው ላይ ወጋ ያደርጉና «ይቺን አቅናት!» ይላሉ። ቤቱ የእሳቸው ነው። ይህንን በየዕለቱ አይናገሩም፤ በየዕለቱ የሚናገሩት ስለ ግቢው ቧንቧ ነው። ቧንቧው ከግድግዳው ላይ ላልቶ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ያንጠባጥባል።

«አንተ ልጅ» ይሉታል፤ «እነዚህ በረንዳዬ ላይ አንሶላ ለብሰው የቆሙት እንግዶች መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ሥራ ሲገኝላቸው ነው እማማ።»

«ላንተስ?»

«አብረን ነው የምንፈልገው።»

«እስከዚያው ቧንቧውን አንዳችሁ ጠግኑት፤ ማናችሁም ብትሆኑ ግድ የለኝም።»

ሥራው የተገኘው ከሙዚየሙ ነው። እዚህ ላይ ተከሳሹ ይገባል።

ዋና ኃላፊው የተማሩ፣ ንግግራቸው የለሰለሰ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰው ናቸው። የመጨረሻው ባሕርይ ለክሱ አስፈላጊ ባይሆን ኖሮ ባልተነሣ ነበር። አዲስ አዳራሽ ሊከፍቱ ነው፤ ስሙም «ከአደን እስከ ከተማ»። ጎብኚው ሲገባ አዳኞችንና ለቃሚዎችን ያገኛል፤ ቀጥሎ እህል ያበቀሉትን፤ ቀጥሎ ጎተራውንና ጠባቂውን፤ ቀጥሎ ሠራዊቱን፤ በአዳራሹ ማብቂያም፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ። ትእዛዛቸው አጭር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ይጎብጡ፤ ቀጥለው ያሉት ቀና ይበሉ፤ ሠራዊቱ ቀጥ ይበል፤ ንጉሡ ከሁሉ ይላቅ።

«አለቃ» አለ ጀሶ፤ «የኔ አካላት አይጎብጡም። ሱሪ ለማሳየት ነው የተሠሩት።»

«አጎብጣቸው።»

«ወገባቸውን በመጋዝ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው።»

«ቁረጣ!»

«ከዚያ ሽብልቅ አስገብቼ በብሎን...»

«ዝርዝሩን ላንተ ትቼዋለሁ። ሰው ወደ ሙዚየማችን ከገባበት ቁመት ረዝሞ መውጣት አለበት። ገባህ?»

ጀሶ የገባው ብሎን እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው።

ክሱ በትክክል ይቀመጥ ዘንድ እውነቱ መገለጽ አለበት። የሰው ልጅ በምድር ላይ ከኖረበት ዘመን እጅግ የሚበዛውን ያሳለፈው እያደነና እየለቀመ ነው። ዘር መዝራት የጀመረው ትናንት ነው ቢባል የሚያስቅ ማጋነን አይሆንም። በብዙ ቦታዎች ከመሬት የወጡ አጥንቶች እንደሚያሳዩት፣ ማሳ አጠገብ የሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ካለፉት አዳኞች ይልቅ አጭር ሆነው፣ ጥርሳቸው ይበልጥ በስብሶ፣ በአጥንታቸውም ላይ የረኀብ ምልክት ተጽፎ ይገኛሉ። አንድ ዓይነት እህል ላይ የተንጠለጠለ ሕዝብ ዝናብ በቀረ ቁጥር አብሮ ይቀራል። ከከብቶቹ ጋር ተፋፍጎ ያደረ ሕዝብ ከከብቶቹ በሽታ ይካፈላል። እህል ተንበርክከው በድንጋይ ሲፈጩ የኖሩ ሴቶች ጉልበታቸውና የእግራቸው ጣቶች ተበላሽተው ተቀብረዋል። ትርፍ እህል ሲገኝ ጎተራ መጣ፤ ጎተራው ጠባቂ ጠራ፤ ጠባቂው አዛዥ አበጀ፤ አዛዡ ዙፋን አሠራ። የጎበጠ ሰው ከተፈለገ የሚገኘው በአዳራሹ መካከል እንጂ በመግቢያው አይደለም። ሥልጣኔ ምንም አላስገኘም የሚል በዚህ የለም፤ ይህ ክስ ራሱ የተጻፈው በፊደል ነው። የሚባለው ይህ ብቻ ነው፦ ዕዳው የማን ጀርባ ላይ እንደ ወደቀ እየታወቀ ሌላ ጀርባ ተቆርጧል።

ዋና ኃላፊው ይህን አያውቁም ነበር የሚል መከላከያ አይቀርብም። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ የጥንታውያን ገበሬዎች የጥርስ መበስበስ ነበር።

ወደ ጀሶ እንመለስ፤ እሱ በዚህ ጊዜ ፊት እየለመነ ነው። ለአዳራሹ ፊት ያስፈልጋል። ጎረቤቶቹ አንድ ጊዜ ተቀድተው የውስጥ ሱሪ መደብር መስታወት ውስጥ ራሳቸውን ስላገኙ ዳግመኛ እጅ አይሰጡም። የቀረው ቤተሰብ ነው። ሠራዊቱን ሙሉ በሙሉ በራሱ ፊት ሸፈነው። ሚስቱን ጢም ለጥፎ የጎተራ ጠባቂ አደረጋት። የአማቱ ታናሽ እህት፣ ሚስቱ «አክስቴ» የምትላቸው ሳቂታ ሴት፣ «እኔ የሠለጠነውን ወገን ነው የምሆነው» ብለው ስለማሉ ከእህል አብቃዮቹ መካከል ቦታ አገኙ። ተንበርክከው የሚፈጩ መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም።

ለንግሥቲቱ ግን አማቱ ቀረቡ። በዚያን ጊዜ በእቅዱ ላይ ሁለት ዙፋን ነበር።

«ንግሥት ነው ያልከኝ?» አሉ፣ በልብስ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ ቀጥ ብለው ተጋድመው።

«አዎ እማማ።»

«ዙፋን ላይ?»

«ዙፋን ላይ።»

«መደገፊያ ያለው?»

«መደገፊያ ያለው።»

«ቃል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው እማማ።»

«እንግዲያው ለስነኝ። ከዋሸኸኝ ግን እወቀው፤ አንተም እነዚያ እንግዶችህም ጨርቄን ማቄን ሳትሉ ከዚህ ግቢ ትወጣላችሁ።»

የተለሰነ ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል። የሙያው ጠባይ ነው፤ ጉዳት የለውም፤ ፊት ላይ ግን እንደ ትኩስ ፎጣ ይሰማል። አማቱ ሙቀቱ ሲመጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በአፍንጫቸው መምጠጫ በኩል ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ሚስቱ በሳቅ ከክፍሉ ወጣች። ጀሶ ሽፋኑን አንሥቶ ውስጡን ሲሞላ ያገኘው ፊት በዕድሜው ካወጣቸው ሁሉ የላቀ ነበር፦ የጠገበ፣ ያረፈ፣ ማንንም የማይፈራ ፊት። ያን ቀን ለማንም ሳይነግር ደጋግሞ ተመለሰና አየው።

ዋና ኃላፊውም በሳምንቱ መጡ። «ለንጉሡ የተማረ ፊት ያስፈልጋል» አሉ፤ «ለታሪካዊ እውነተኛነት ሲባል የራሴን አቀርባለሁ።» ከዚያ አያይዘው የንግሥቲቱን ዙፋን ሰረዙ። «ሁለት ዙፋን ሥልጣን የተከፈለ ያስመስላል።»

ጀሶ እጅ እግሩ ተያዘ። ግን አጋደማቸው፤ ቀባቸው፤ መምጠጫውን ሰካ፤ ለሰናቸው። ልስኑ ሲደርቅ እንደሚሞቅ መንገርን ረሳ፤ ከቤተሰቡ ማንም አማርሮ ስለማያውቅ ነገሩ እንደሚነገር አልታወሰውም።

«ምምም!» አሉ ዋና ኃላፊው ከጥቂት ቆይታ በኋላ።

«አይናገሩ አለቃ፤ አፍዎ ይጨማደዳል።»

«ምምምምም!»

«ደርሷል፤ ደርሷል። ሊሆን ነው።»

ዋና ኃላፊው በሕይወታቸው እየተጠበሱ መሆናቸውን በፍጹም እርግጠኝነት ስላመኑ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨመደዱ። የወጣው ፊት ይህንኑ እምነት ሳይቀንስ ይዞ ወጣ። ቅንድቡ ወደ ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ጉንጩ ተመጥምጧል፤ ከንፈሩ ወደ ኋላ ተስቧል። በጀሶ ሥር ዓይን ዝግ ስለሆነ ዓይኑን በኋላ የሚቀርጸው ጀሶ ራሱ ነው፤ ቅንድቡ እንደዚያ ሸሽቶ እያለ ዓይኑን አስፍቶ ከመቅረጽ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ዋና ኃላፊው ሥራውን ባዩ ጊዜ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ዞሩት።

«ትንሽ... የደነገጠ አይመስልም?»

«የሥልጣን ሸክም ነው አለቃ» አለ ጀሶ። ሊያድነው የሚችለው የመጀመሪያው ሐረግ ይህ ሆኖ ነበር አፉ ላይ የመጣው።

«የሥልጣን ሸክም» አሉ ቀስ ብለው፤ ወደዱት። በመግለጫው ላይ እንዲጻፍ አዘዙ። ራሱን በሌላ ሰው ውሸት ያሳመነ ሰው ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ መግለጫ አጽፎ ለሕዝብ የሚያሳይ ግን ብዙ አይደለም።

አሁን አንድ ፊት ተርፏል፤ አንድ አካልም ፊት አጥቶ ቆሟል። የተረፈው ፊት የአማቱ ነው። ፊት ያጣው አካል በመግቢያው ላይ ያለችው፣ ቁርበት የለበሰች፣ ሥር መቆፈሪያ እንጨት የያዘች፣ ከሁሉ ይበልጥ የጎበጠችው ለቃሚ ናት። ጀሶ ሌላ ፊት ሊፈልግ ይችል ነበር። አልፈለገም፤ ያንን ፊት ሣጥን ውስጥ ማስቀረት አልሆነለትም። ከወገቧ ቆርጦ፣ ሽብልቁን አስገብቶ፣ በወርክሾፑ አሮጌ ብሎን አጥብቆ፣ አማቱን መሬት እያዩ አቆማቸው።

ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ የምትሰፋውን ቁልፍ ጣለችው።

«እማዬን አጎበጥካት?»

«ለጊዜው ነው።»

«እማዬን! ቆመህ ነው ያለኸው ወይስ ሞተሃል?»

«ባትመጣስ?»

«ልብስ ሰፍታለች እኮ! ለምርቃቱ! ዙፋኑ ላይ ከሚታየው ፊቷ ጋር እንዲሄድ ብላ ወይን ጠጅ ቀለም ጨርቅ ገዝታለች። አክስቴንም ጠርታለች።»

«አክስትሽን ለምን?»

«ለምን ይመስልሃል? ንግሥት ስትሆን የሚያይላት ሰው አያስፈልጋትም?»

የምርቃቱ ዕለት አዳራሹ በእንግዶች ተሞላ። ዋና ኃላፊው በመግቢያው በኩል፣ ጎባጣዋ አጠገብ ቆመው፣ ከረቫታቸውን እያስተካከሉ እንግዶቹ እስኪሰበሰቡ ይጠብቃሉ። አማቱ ወይን ጠጅ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ማውጣት ረስተው፣ ታናሽ እህታቸውን በክንዳቸው ይዘው ደጁ ላይ ደረሱ። ሚስቱ ከኋላ ቀርታ ከንፈሯን ትነክሳለች። ጀሶ ላቡ ጀሶውን እያሟሟው እየሮጠ መጣ።

«በዚህ በኩል እማማ! በኋላ በር እንግባ!»

«ለምን በኋላ በር? ሌባ ነኝ?»

«ታሪክ ከመጨረሻው ሲታይ ነው የሚያምረው። ከንጉሡ ጀምረን ወደ ኋላ እንሄዳለን።»

«ልክ ነው» አሉ ታናሽ እህታቸው፤ «እትዬ ዙፋኗን ለማየት ቸኩላለች፤ ከመጨረሻው እንጀምርላት።»

በኋላ በር ገቡ። አማቱ ዙፋኑን አዩ፤ በዙፋኑም ላይ የተቀመጠውን። ቀረብ ብለው ፊቱን መረመሩ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? መርፌ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጣችሁት?»

«የሥልጣን ሸክም ነው እማማ።»

«ሸክም አይደለም ይሄ። ይሄ ሰው ሲጮህ ማንም አልመጣለትም። እኔስ የታለሁ?»

«ወደ ፊት... ማለቴ ወደ ኋላ።»

ሠራዊቱ ጋ ሲደርሱ አማቱ ከአንዱ ወታደር ወደ ሌላው እያዩ ቆሙ። ሁሉም ጋሻ ይዟል፤ ሁሉም አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል፤ ሁሉም አማቻቸው ነው።

«እነዚህ ሁሉ አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«ይሄን ሁሉ ሆነህ ነው አንድ ቧንቧ መጠገን ያቃተህ?»

ጎተራው ጋ ደረሱ። አማቱ የጠባቂውን ጢም በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው ከሥሩ ያለውን አገጭ አዩ፤ ዞረውም ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ጣሪያውን አየች።

«አሳድጌ የሰጠሁህን ልጅ ጢም አበቀልክባት?»

«አምሮባታል እኮ እማማ።»

«ዝም በል። ቀጥል።»

ቀጥለው ታናሽ እህታቸውን አገኙ፤ በሁለት ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ድንጋይ ላይ ተደፍተው ሲፈጩ፣ በፊታቸውም ሰፊ ፈገግታ። ተቀድተው የነበረው እየሳቁ ስለሆነ ፈገግታውን ማውጣት አልተቻለም። ታናሽ እህታቸው ግን አልተከፉም።

«ይሁን! እኔ ቤት አለኝ፤ እህል አለኝ፤ ሠልጥኛለሁ። ያንቺ ዙፋን ግን እትዬ፣ ወደ በሩ እየተጠጋን ነው፤ ደጅ ነው እንዴ ያለው?»

አማቱ ወደ በሩ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ከፊታቸው፣ ከእንግዶቹ ትከሻ ወዲያ፣ የዋና ኃላፊው ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ይህችን ሴት ተመልከቱ» ይላሉ ዋና ኃላፊው፤ «ነገን አታውቅም። ሐሳብ የላትም። ዓይኗ ከመሬት አይነሣም። ቤት የላትም።»

አማቱ እንግዶቹን በክርናቸው ከፍለው ወደ ፊት ወጡ። ቁርበቱን አዩ፤ እንጨቱን አዩ፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው፣ ወደ መሬት የተደፋውን ፊት ከሥሩ አዩት። ጀሶ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ቤት አላት» አሉ አማቱ ቀና ብለው። «ግቢው ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለበት ቤት አላት።»

ዋና ኃላፊው ዞሩ። «ይቅርታ፣ እመቤቴ?»

«እኔ ነኝ ይቺ።»

አንዱ እንግዳ ከአማቱ ወደ አሻንጉሊቷ፣ ከአሻንጉሊቷ ወደ አማቱ አየና ሳቁን አፉ ላይ አፈነ። ታናሽ እህታቸው አላፈኑም፤ ከት ብለው ሳቁ።

«እትዬ! ንግሥት ነኝ አላልሽም? ሥር እየቆፈርሽ ነው እኮ!»

«አንቺ ተንበርክከሽ ነው የምታወሪኝ፤ ቆዪ።» ወደ አማቻቸው ዞሩ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ ቀነሰ እንጂ። «አንተ ልጅ። ዙፋኑ ይቅር፤ የተቀመጠበትን አይቼዋለሁ፤ በምርቃትም ቢሰጡኝ አልቀመጥበትም። ቁርበቱም ይሁን፤ ስፌቱ መጥፎ ቢሆንም። አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ። ጀርባዬን ማን ነው ያጎበጠው?»

ጀሶ ዋና ኃላፊውን አየ። ዋና ኃላፊው ግድግዳውን አዩ። በዚህ ቅጽበት የተከሳሹ ፊት ላይ የታየው ነገር መመዝገብ ይገባዋል፦ ምንም አልታየበትም። ያዘዙትን እጅ አሳልፈው ሲሰጡ አንድ የቅንድብ ፀጉር እንኳ አላንቀሳቀሱም።

«እኔ ነኝ እማማ» አለ ጀሶ።

«በምን?»

«በብሎን።»

«ፍታው።»

«እንዳትነካው!» አሉ ዋና ኃላፊው፤ ልስልሱ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «ይህ ሳይንሳዊ አቀማመጥ ነው!»

«ልጄ» አሉ አማቱ፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወደ ዋና ኃላፊው ጠጋ እያሉ፤ «ስንት ልጅ ለክቼ እንዳለበስኩ ታውቃለህ? ሲራመድ የሚውል ልጅ ጎብጦ አላየሁም። የሚጎብጠው ሲደፋ የሚውለው ነው። አንተም ራስህ ትንሽ ጎበጥ ብለሃል፤ ይቺን አቅናት።» መሐል ጀርባቸውንም በጣታቸው ወጋ አደረጓቸው። ዋና ኃላፊው ሳያስቡት ቀጥ አሉ።

እንግዶቹ ሳቁ። ጀሶ ግን አልሳቀም። መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጣቱ መፍቻው ላይ ነው። በአንድ ወገን ሥራ ቆሟል፤ በሌላው ወገን ማደሪያው።

«አለቃ» አለ፤ «እርስዎ ቤት ማደሪያ ይኖራል? ለኔና ለባለቤቴ?»

«ምን?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው። ከሌለ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከቁርበቱ ሥር ገባ። የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። መፍቻው ጮኸ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጮኸ፤ ሽብልቁ መሬት ላይ ወደቀ። አካሉ፣ ሱሪ ለማሳየት የተሠራው ያ ረጅም አካል፣ እንደ ተለቀቀ ሞላ ቀጥ አለ። እጇ ወገቧ ላይ ተመለሰ፤ አገጯ ቀና አለ፤ ራሷ ከእንግዶቹና ከገበሬዎቹ ራስ በላይ ወጣ፤ ከሠራዊቱም ራስ ጋር ተካከለ። መሬት ይቆፍር የነበረው እንጨት በሌላው እጇ ተነሣና ጫፉ በአዳራሹ ርዝመት ልክ ወደ ዙፋኑ አመለከተ። ያ ያረፈ፣ የጠገበ፣ ማንንም የማይፈራ ፊት ንጉሡን ማየት ጀመረ።

እንግዶቹም ዓይኗን ተከትለው ዞሩ። ከአዳራሹ ማዶ፣ በዙፋኑ ላይ፣ የዋና ኃላፊው ፊት ቅንድቡን ወደ ፀጉሩ አሽሽቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እሷን ያይ ነበር። የሚፈራው ምን እንደሆነ ለማንም መግለጫ አላስፈለገውም።

አንድ ሽማግሌ እንግዳ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ታናሽ እህታቸው የሚፈጨውን የራሳቸውን አምሳያ ተደግፈው ሳቁ። ዋና ኃላፊው «ወደ ቦታዋ መልሳት!» እያሉ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከሳቁ በታች ነው። ጀሶ ከቁርበቱ ሥር ወጣ፤ ብሎኑን ለአማቱ አቀበለ። አማቱ ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ብሎኑን ከመርፌዎቹና ከክር ማጠንጠኛዎቹ መካከል ጣሉት፤ ቦርሳቸውን ጠቅ አድርገው ዘጉ።

«ቤት ትገባለህ» አሉት። «ቧንቧውን ግን ዛሬ።»

ሙዚየሙ ጎባጣዋን መልሶ ሊያጎብጣት ሞክሯል። አልተቻለም፤ ያለዚያ ብሎን ወገቧ ጎብጦ አይያዝም፤ የብሎኑ ጥርስ ልክ ደግሞ ከተዘጋው ወርክሾፕ ጋር አብሮ የተረሳ ስለሆነ ገበያ ላይ አይገኝም። የሙዚየሙ ዘበኛ ወደ አማቱ ቤት ተልኮ መጣና በትሕትና ብሎኑን ጠየቀ።

«ብሎኑ ሥራ ላይ ነው» አሉት አማቱ፤ ወደ ግቢውም አመለከቱ። ብሎኑ ቧንቧውን ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ይዞታል። ቧንቧው አይንቀጠቀጥም፤ አያንጠባጥብም። አጠገቡ ጀሶ ቆሞ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሥራውን ያደንቃል።

«ይፈታል?» አለ ዘበኛው።

«ይፈታል» አሉ አማቱ። «ከፈታኸው ግን እዚሁ ቆመህ ውሃውን በእጅህ ትይዛለህ።»

ዘበኛው ባዶ እጁን ተመለሰ። ተከሳሹ ዛሬም በሥራ ገበታቸው ላይ ናቸው። መግለጫውን አስቀይረዋል፤ አሁን የሚለው «ሩቅ የምታይ ለቃሚ» ነው፤ ይህም በአዳራሹ ውስጥ ካስጻፉት ሁሉ እውነት የሆነው ብቸኛ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አስበውት አይደለም። የሌሎቹ መግለጫዎች አልተነኩም። ገበሬዋ አሁንም እየሳቀች ትፈጫለች፤ በሥሯም «ደስተኛዋ የሥልጣኔ እናት» ተብሎ ተጽፏል። ዋና ኃላፊው በየጧቱ ወደ ቢሯቸው የሚገቡት በኋላ በር ነው። በፊት በር ቢገቡ የምትቀበላቸው እሷ ናት፤ ግድ ሆኖ ከእሷ ፊት ሲያልፉ ጀርባቸው ሳያዙት ቀጥ እንደሚል ዘበኛው አይቷል።